ምዕራፍ 7፦ መሰላሉ ጣሪያ ላይ ሲቀር

በቆዩ ዊንዶውሶች ላይ የስቶሬጅ ኮንትሮለር ድራይቨር መጫንና ማደስ

እ.ኤ.አ. በ2008 በተሠራ ላፕቶፕ ውስጥ የዊንዶውስ ኤክስፒ ሲዲ ገብቷል። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሰማያዊው ገጽ ጥቂት ደቂቃ ፋይል ሲያነብ ይቆይና በአንድ አጭር መልእክት ይቆማል፦ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ሃርድ ዲስክ አልተገኘም፣ ለመውጣት ኤፍ3ን ይጫኑ። ዲስኩ ግን በቦታው አለ። ባዮስ ውስጥ ሲገባ ስሙና መጠኑ ተጽፎ ይታያል፤ ተነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካም ምንም እንከን የለበትም። እዚህ ላይ «ዲስኩ ሞቷል» ብሎ የሚፈርድ ጠጋኝ ጤነኛ ዕቃ ያስጥላል፤ ደንበኛው ገዝቶ የሚያመጣው አዲስ ዲስክም ያንኑ መልእክት ያሳያል።

የጎደለው ፍሎፒ ላይ የሚበቃ ትንሽ ፋይል ነው፦ የስቶሬጅ ኮንትሮለር ድራይቨር። ኮንትሮለር የሚባለው ማዘርቦርዱ ላይ ሆኖ ፕሮሰሰሩንና ዲስኩን የሚያገናኘው ቺፕ ነው፤ ድራይቨሩ ደግሞ ዊንዶውስ ያንን ቺፕ የሚያዝበት ፕሮግራም። የድምፅ ድራይቨር ቢጠፋ ኮምፒውተሩ ድምፅ አይኖረውም እንጂ ይሠራል። የስክሪን ድራይቨር ቢጠፋ ምስሉ ይበላሻል እንጂ ይታያል። የኮንትሮለር ድራይቨር ሲጠፋ ግን ዊንዶውስ ራሱ የተቀመጠበት ዲስክ ስለማይነበብ የሚነሳ ነገር የለም።

ዛሬ ኤክስፒ ወይም ዊንዶውስ 7 የሚጭን ሰው አለ ወይ? አለ። የዓመታት ሂሳቡን በድሮ ፒችትሪ የያዘ ድርጅት አለ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት የየራሳቸው ኮድ በነበራቸው ፎንቶች የተተየቡ የአማርኛ ሰነዶች የሞሉበት ቢሮ አለ፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ቢሆንም ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ ነው። መቆጣጠሪያ ፕሮግራሙ ከኤክስፒ በኋላ በመጡት ላይ አልሠራ ያለ የላቦራቶሪ መሣሪያ ወይም የብረት መቁረጫ ማሽንም አለ። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የተራዘመ ድጋፉን ያቆመው ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ ለዊንዶውስ 7 ደግሞ ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 ነው። ማሽኖቹ ግን ከዚያም በኋላ ሥራ ላይ ናቸው፤ ሲበላሹም መጠገን አለባቸው።

ባዮስ ያስረክባል፣ ዊንዶውስ ይረከባል

ኮምፒውተር ሲበራ ዲስኩን መጀመሪያ የሚያነበው ባዮስ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠ የራሱ ኮድ ስላለው የዊንዶውስን ድራይቨር አይጠብቅም። በኤክስፒ ማሽን ላይ ባዮስ የዲስኩን የመጀመሪያ ሴክተር ያነባል፤ ከዚያ ተራው ኤንቲኤልዲአር ለተባለው አስነሺ ፕሮግራም ይደርሳል። ኤንቲኤልዲአርም በባዮስ እጅ እያነበበ የዊንዶውስን ከርነል፣ ሲስተም የሚባለውን የሬጂስትሪ ክፍል፣ እንዲሁም ከመነሻው እንዲጫኑ የተመዘገቡትን ድራይቨሮች ወደ ሚሞሪ ያስገባል።

ከዚያ ከርነሉ ይረከባል። ከዚህ በኋላ ባዮስ አይጠየቅም፤ ዊንዶውስ ዲስኩን የሚያነበው በራሱ ድራይቨር ነው። እንግዲህ የድራይቨሩ ፋይል ዲስኩ ላይ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ባዮስ ገና በሥራ ላይ ሳለ ሚሞሪ ውስጥ መግባት ነበረበት። ካልገባ ጣሪያ ላይ የሚያወጣው መሰላል ራሱ ጣሪያው ላይ ቀርቷል ማለት ነው፦ ድራይቨሩን ለማግኘት ዲስኩ መነበብ አለበት፣ ዲስኩን ለማንበብ ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከርነሉ ይህን ችግር ሊፈታው ስለማይችል በሰማያዊ ስክሪን ይቆማል፤ የስህተቱ ቁጥር የሚያልቀው በ7ቢ ነው።

ምዝገባው የሚገኘው ሬጂስትሪ ውስጥ ሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ሰርቪስስ በሚለው ሥር እያንዳንዱ ድራይቨር ያለው ስታርት የተባለ ቁጥር ነው። 0 ከሆነ አስነሺው ፕሮግራም ራሱ ይጭነዋል፤ 3 ከሆነ ሲፈለግ ብቻ ይጫናል፤ 4 ከሆነ ተዘግቷል። ዊንዶውስ የሚነሳበት ዲስክ ድራይቨር 0 መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ በኤክስፒ ላይ፣ የትኛው ቺፕ በየትኛው ድራይቨር እንደሚያዝ ከመነሻው የሚናገር ሰንጠረዥ ነው። ድራይቨሩ ተጭኖ ቺፑ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ የሚያገናኛቸው አይኖርም።

የዚህ ምዕራፍ ሕግ ከዚህ ይወጣል፦ ድራይቨሩ ይቅደም፣ ሃርድዌሩ ይከተል። ከታች የሚመጣው ሁሉ፣ ፍሎፒውም፣ የሬጂስትሪ ቁጥሩም፣ ወደ ሲዲው ማስገባቱም፣ ይህን ቅደም ተከተል ማስጠበቂያ ነው።

ኤክስፒ ከሳታ ይቀድማል

ኤክስፒ ለሽያጭ የቀረበው ኦክቶበር 25 ቀን 2001 ነው። በጊዜው የቤትና የቢሮ ዲስክ በሰፊው ጠፍጣፋ ገመድ ይሰካ ነበር፤ ኮንትሮለሩም አይዲኢ ነበር። የሳታ ዲስክ ገበያ ላይ መታየት የጀመረው በ2003 አካባቢ ሲሆን፣ ኢንቴል ኤኤችሲአይ የተባለውን የኮንትሮለር አሠራር ያወጣው በ2004 ነው። ኤኤችሲአይ ለዲስኩ እስከ 32 ትእዛዝ በአንድ ላይ ሰጥቶ በሚቀናው ቅደም ተከተል እንዲፈጽማቸው ያስችላል፤ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ዲስክ ለመንቀልና ለመሰካትም መንገድ ይከፍታል።

ማይክሮሶፍት የኤኤችሲአይ ድራይቨር ከዊንዶውስ ጋር አብሮ መስጠት የጀመረው በቪስታ ነው። ኤክስፒ በ2008 እስከወጣው ሰርቪስ ፓክ 3 ድረስ ይህ አልተጨመረለትም። የላፕቶፕ አምራቾች ደግሞ በዚያው ዘመን ማሽኖቻቸውን በኤኤችሲአይ አስተካክለው ይሸጡ ነበር። የመግቢያችን መልእክት የሚመጣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ሲዲውም ዕድሜ አለው። የመጀመሪያው ኤክስፒ ከ137 ጊጋባይት በላይ የሆነን ዲስክ በትክክል አይዝም፤ ይህ የታረመው በ2002 በወጣው ሰርቪስ ፓክ 1 ነው። ስለዚህ ስለ ድራይቨር ከማሰብ በፊት ሰርቪስ ፓክ 3 ያለበት ሲዲ መያዝ ይገባል።

የቺፑን መታወቂያ ማንበብ

«የላፕቶፑ ድራይቨር» የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የቺፑ ድራይቨር ነው። ሁለት ላፕቶፖች አንድ ስም ይዘው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል። ቺፑን የሚለየው ሁለት ቁጥር ያለው መታወቂያ ነው፦ አንዱ የአምራቹ፣ ሌላው የዕቃው። የኢንቴል የአምራች ቁጥር 8086 ነው፤ የኤኤምዲ 1022 ነው፣ ከኤቲአይ በወረሳቸው ቺፖች ላይ ደግሞ 1002 ይሆናል።

ዊንዶውስ የሚነሳ ከሆነ መታወቂያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ይገኛል፦ ኮንትሮለሩ ላይ በቀኝ ተጭኖ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲ። ዊንዶውስ ከሌለ ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ የፒሲአይ ዕቃዎችን ዝርዝር ከነቁጥራቸው ያሳያል።

በ2008 ላፕቶፖች ላይ የተለመደውን የኢንቴል አይሲኤች9ኤም ቺፕ እንውሰድ። ባዮሱ በኤኤችሲአይ ሲስተካከል ቺፑ ራሱን 2929 ብሎ ያስተዋውቃል። ባዮሱ ወደ አይዲኢ ሲዞር ያው ቺፕ፣ በዚያው ማዘርቦርድ ላይ፣ 2928 ይሆናል። የክፍል ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል፤ 0101 አይዲኢ፣ 0104 ሬይድ፣ 0106 ኤኤችሲአይ ነው። በዊንዶውስ ዓይን እንግዲህ ባዮስ ውስጥ አንዲት ምርጫ መቀየር አሮጌውን ኮንትሮለር ነቅሎ ሌላ ከመትከል አይለይም። «ምንም ዕቃ አልቀየርኩም፣ ባዮሱን ብቻ ነካ አደረግሁት» የሚል ደንበኛ ኮምፒውተሩ 7ቢ ይዞ የሚመጣው ለዚህ ነው።

መታወቂያው ከታወቀ በኋላ የወረደውን ድራይቨር መፈተን ቀላል ነው። ከፋይሎቹ መካከል አይኤንኤፍ የተባለው ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በኖትፓድ ይከፈታል። የቺፑ ቁጥር እዚያ ውስጥ ተፈልጎ ከተገኘ ድራይቨሩ ለዚያ ቺፕ ነው፤ ካልተገኘ የፋይሉ ስም ምንም ቢል አይደለም። ይህ የአንድ ደቂቃ ፍተሻ የግማሽ ቀን ድካም ያስቀራል።

ኤፍ6 እና ፍሎፒው

የኤክስፒ ሲዲ ሲነሳ፣ ሰማያዊው ገጽ እንደመጣ፣ ከታች በኩል አንድ መስመር ይታያል፦ የሌላ አምራች የስካዚ ወይም የሬይድ ድራይቨር መጫን ካስፈለገ ኤፍ6ን ይጫኑ። መስመሩ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቆይቶ ይጠፋል። ኤፍ6 ሲጫን የሚታይ ለውጥ የለም፤ ገጹ ፋይል መጫኑን ይቀጥላል። ልማድ የሌለው ሰው «አልሰማኝም» ብሎ እንደገና የሚያስነሳው በዚህ ጊዜ ነው። መታገሥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ፋይሎቹ ሲያልቁ ተጨማሪ ድራይቨር ካለ የኤስ ፊደል እንዲጫን የሚጠይቅ ገጽ ይመጣል፤ ኤስ ሲጫን የአምራቹ ፍሎፒ ኤ ድራይቭ ውስጥ እንዲገባ ይጠየቃል።

መጫኛው የሚቀበለው ፍሎፒ ብቻ ነው፤ ፍላሽም ሁለተኛ ሲዲም አያይም። የዩኤስቢ ፍሎፒ አንባቢም ቢሆን መጫኛው አስቀድሞ የሚያውቃቸው ጥቂት ሞዴሎች ብቻ ናቸው የሚሠሩት። ፍሎፒው ላይ ቲኤክስቲሴትአፕ ዶት ኦኢኤም የተባለ ፋይል ከየትኛውም ፎልደር ውጭ መቀመጥ አለበት። ይህ ፋይል ፍሎፒው የያዛቸውን ድራይቨሮች ዝርዝር የሚናገር ተራ ጽሑፍ ነው፤ መጫኛው ከሱ አንብቦ ምርጫውን ስክሪን ላይ ይደረድራል።

ስህተት የሚበዛው ዝርዝሩ ላይ ነው። የኢንቴል ፍሎፒ ተቀራራቢ ስሞችን አከታትሎ ያሳያል፤ አንዱ የዴስክቶፕ፣ አንዱ የላፕቶፕ፣ አንዱ ኤኤችሲአይ፣ አንዱ ሬይድ። ለምሳሌያችን ላፕቶፕ የሚሆነው አይሲኤች9ኤም የሚልና ኤኤችሲአይ የሚለው ነው። «ኤም» የሌለበት የዴስክቶፕ ስለሆነ ዲስኩን አያሳይም። ዝርዝሩ ከስክሪኑ ስለሚረዝም ወደ ታች በቀስት ቁልፍ መውረድ ያስፈልጋል።

ከተመረጠ በኋላ ፍሎፒው አይወጣም። መጫኛው ዲስኩን ለማየት አንዴ አንብቦታል፤ ፋይሎቹን ወደ ዲስኩ ሲቀዳ ደግሞ ሁለተኛ ይፈልገዋል። በመሃል ከወጣ ፋይል ጠፋ ይላል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲያደርግ ግን ፍሎፒው መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ባዮሱ ከሱ ለመነሳት ሊሞክር ይችላል።

ፍሎፒ በሌለበት

ፍሎፒ አንባቢ ዛሬ ከየት ይመጣል? ሁለት መውጫ አለ።

አንደኛው ባዮስ ውስጥ ነው። በዚያ ዘመን ማሽኖች ላይ ሳታ ሞድ ወይም ኮንትሮለር ሞድ የሚል ምርጫ የተለመደ ነው። ወደ አይዲኢ ወይም ኮምፓቲብል ሲዞር ቺፑ ኤክስፒ በሚያውቀው በድሮው አሠራር ራሱን ያቀርባል፤ ዊንዶውስ ያለምንም ፍሎፒ ይጫናል። የሚቀረው የኤኤችሲአይ ጥቅም ነው። አንድ ተራ ዲስክ ባለው፣ ሂሳብ ለመመዝገብና ደብዳቤ ለመጻፍ በሚያገለግል ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይሰማም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን በአይዲኢ መተው ጊዜያዊ መላ ሳይሆን ጨዋ መፍትሔ ነው። ከመቀየሩ በፊት ግን ሁለት ነገር ይታይ፦ ዲስኩ ላይ ሌላ ዊንዶውስ ካለ እሱ ሊቆም ይችላል፤ ሞዱ ሬይድ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁለት ዲስኮች እንደ አንድ ተጣምረው ሊሆን ስለሚችል ሳያረጋግጡ መንካት መረጃ ያጠፋል።

ሁለተኛው ድራይቨሩን ወደ ሲዲው ማስገባት ነው። ኤንላይት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የኤክስፒን ሲዲ ይዘት ከፎልደር አንብቦ ድራይቨር ይጨምርበትና አዲስ ሲዲ የሚቃጠልበትን ፋይል ያዘጋጃል። እዚህ አንዲት ምርጫ ወሳኝ ናት። ፕሮግራሙ ድራይቨሩን እንደ ፕላግ ኤንድ ፕሌይ ወይስ እንደ ቴክስት ሞድ ይጨምረው እንደሆነ ይጠይቃል። ፕላግ ኤንድ ፕሌይ ከተባለ ድራይቨሩ የሚደርሰው ሰማያዊው ገጽ ካለፈ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ዘግይቷል። የኮንትሮለር ድራይቨር ሁልጊዜ ቴክስት ሞድ ነው፤ ከሚመጣው ዝርዝርም ያችኑ የታወቀችውን ቺፕ መምረጥ ይበቃል።

ተጭኖ ያለቀውን ማሻገር

ዊንዶውስ በአይዲኢ ተጭኖ ሲሠራ ቆይቶ ኤስኤስዲ ተገዛ እንበል፤ ባለቤቱ ኤኤችሲአይ ይፈልጋል። ባዮሱን መጀመሪያ የሚቀይር ሰው 7ቢ ያገኛል። ደግነቱ ይህ ስህተት መረጃ አያጠፋም፤ ባዮሱ ወደነበረበት ሲመለስ ዊንዶውስ እንደ ቀድሞው ይነሳል።

በዊንዶውስ 7 መንገዱ አጭር ነው። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው ድራይቨር አብሮት አለ፤ ስሙ ኤምኤስኤኤችሲአይ ነው። ዊንዶውስ በአይዲኢ ሲጫን ግን ስላላስፈለገው ስታርቱን 3 አድርጎ አስተኝቶታል። ሬጂስትሪ ተከፍቶ ሰርቪስስ ሥር ይህ ስም ይፈለጋል፤ ስታርት ከ3 ወደ 0 ይቀየራል። ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲደረግ በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ሞዱ ወደ ኤኤችሲአይ ይዞራል። ዊንዶውስ ሲነሳ አዲስ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ድራይቨሩን ያስተካክልና አንድ ጊዜ ተጨማሪ ሪስታርት ይጠይቃል። አለቀ።

ባዮሱ የቀድሞውን ሞድ ጨርሶ የማይሰጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዲስኩ ወደ ሌላ ማሽን ከተሻገረ፣ ያው ቁጥር ከውጭ ሊቀየር ይችላል። ከዊንዶውስ 7 ዲስክ ተነስቶ በኮማንድ ፕሮምፕት በኩል ሬጂስትሪ ከፋቹ ይጠራል፤ ያልተነሳው ዊንዶውስ ሲስተም የተባለው የሬጂስትሪ ክፍል ይጫናል። በዚህ ጊዜ ከረንት ኮንትሮል ሴት የሚባለው ፎልደር አይታይም፤ እሱ የሚፈጠረው ዊንዶውሱ ራሱ ሲነሳ ነው። የሚነካው በቁጥር የተሰየመው፣ ብዙ ጊዜ 001 የሆነው ነው።

ኤክስፒ እንዲህ አይገራም፤ የተኛ ድራይቨር የለውም። በኢንቴል ቺፖች ላይ የተለመደው ዘዴ ገና በአይዲኢ እየሠራ ሳለ ድራይቨሩን በእጅ ማስገደድ ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሳታ ኮንትሮለሩ ይመረጣል፤ አፕዴት ድራይቨር ይባላል፤ «ራሴ እመርጣለሁ» ተብሎ የኤኤችሲአይ አይኤንኤፍ ፋይል ይሰጠዋል። ዊንዶውስ ድራይቨሩ ለዚህ ዕቃ የሚስማማ አይመስለኝም ብሎ ያስጠነቅቃል። እውነቱን ነው፤ ቺፑ ለጊዜው 2928 ሆኖ ሳለ የ2929 ድራይቨር እየተሰጠው ነው። ተቀብለን እንቀጥላለን፤ ሪስታርት እንደተደረገ ዊንዶውስ ሳይነሳ ባዮስ ውስጥ ተገብቶ ሞዱ ይቀየራል። ይህ ዘዴ ዲስኩ ሙሉ ለሙሉ ባክአፕ ሳይደረግ አይሞከርም።

ማደስ መቼ ይገባል?

በደንብ የሚሠራ የኮንትሮለር ድራይቨር ያለ ምክንያት አይታደስም። ምክንያት የሚሆኑት ጥቂት ናቸው።

የመጀመሪያው ኤስኤስዲ ነው። ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ እንደተሰረዘ ዊንዶውስ እንዲነግረው ይፈልጋል፤ ትእዛዙ ትሪም ይባላል። ዊንዶውስ 7 ትሪም ይልካል፣ ኤምኤስኤኤችሲአይም ያስተላልፋል። የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ግን ትሪም ማስተላለፍ የጀመረው በ2010 ከወጣው 9.6 ነው። ከዚያ በታች ያለ ድራይቨር ባለበት ማሽን ላይ ኤስኤስዲ ሲገባ ማደስ፣ ወይም ወደ ማይክሮሶፍቱ ድራይቨር መመለስ ተገቢ ነው። ኤክስፒ ራሱ ትሪም ስለማያውቅ ድራይቨር ማደስ አይረዳውም።

ሁለተኛው የዲስክ መጠን ነው። ዊንዶውስ 7 ባለበት ኮምፒውተር ላይ ባለ 3 ቴራባይት ዲስክ ለመረጃ ማስቀመጫ ተሰክቶ 746 ጊጋባይት ብቻ ሲታይ ሻጩ ይወቀሳል። ሂሳቡን እንሥራው። የድሮው ድራይቨር ሴክተሮችን የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው፤ ይህም 4,294,967,296 ሴክተር ይሆናል። እያንዳንዱ 512 ባይት ሲይዝ ጠቅላላው ወደ 2.2 ትሪሊዮን ባይት ይደርሳል። ዲስኩ 3 ትሪሊዮን ባይት አለው። ቆጣሪው ሞልቶ ከዜሮ ሲጀምር የሚቀረው 801 ቢሊዮን ባይት ገደማ ነው፤ ዊንዶውስ በራሱ አቆጣጠር 746 ጊጋባይት ብሎ ያሳየዋል። ይህ ቁጥር ሲታይ ዲስኩ ሳይሆን የኢንቴል ድራይቨር ማርጀቱ ይጠረጠራል፤ መፍትሔው 10.1 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ድራይቨሩ ሳይታደስ ዲስኩን ከፋፍሎ መረጃ መጻፍ አይገባም።

ሦስተኛው ምክንያት አምራቹ ራሱ በማስታወሻው የጠቀሰው ስህተት ያ ኮምፒውተር ላይ ሲታይ ነው። ከእነዚህ ውጭ «አዲስ ስለወጣ» ምክንያት አይደለም። አምራቾች አዲስ ቁጥር ባወጡ ቁጥር አሮጌ ቺፖችን ከዝርዝራቸው ያስወጣሉ፤ ለቺፑ የሚሻለው እሱን የሚያውቀው የመጨረሻው ድራይቨር ነው። ድራይቨሩ ከኮምፒውተሩ ወይም ከቺፑ አምራች ይወርድ። «ድራይቨሮችህን ሁሉ አድስልሃለሁ» የሚሉ ፕሮግራሞች ለኮንትሮለር አይታመኑም።

ሥራው ሲጀመር የዲስኩ ሙሉ ባክአፕ ይወሰድ፤ የአሁኑ ድራይቨር ስምና ቁጥር ይጻፍ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ላፕቶፑ ባትሪው እንደሞላ፣ ዴስክቶፑ ዩፒኤስ ላይ እንዳለ ይሁን። ከማደሱ በኋላ ዊንዶውስ ካልተነሳ ኤፍ8 ተጭኖ «የመጨረሻው የሠራ አቀማመጥ» የሚለው ይመረጣል። ይህ ምርጫ የሚያድነው ግን ማንም ገና ካልገባበት ነው። አንድ ጊዜ በስምና በይለፍ ቃል ከተገባ ዊንዶውስ አዲሱን አቀማመጥ የሠራ ብሎ ይመዘግበዋል፤ አሮጌው ይረሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ሮል ባክ ማለት ነው።

ዊንዶውስ 7 አዲስ ማሽን ላይ

በ2001 በወጣው ኤክስፒ ላይ የደረሰው ከዓመታት በኋላ ዊንዶውስ 7 ላይ ደርሷል። ኤንቪኤምኢ የሚባሉት ፈጣን ኤስኤስዲዎች ከሳታም ከኤኤችሲአይም ውጭ ናቸው፤ የክፍል ቁጥራቸው 0108 ነው። የዊንዶውስ 7 ዲስክ አያውቃቸውም። ማይክሮሶፍት ኬቢ2990941 በሚል ቁጥር ድራይቨር አውጥቶላቸዋል። ዊንዶውስ 7 እንደ ኤክስፒ ፍሎፒ አይጠይቅም፤ ሎድ ድራይቨር የሚል ቁልፍ አለው፣ ከፍላሽም ያነባል። ፍላሹ ላይ መቀመጥ ያለበት ግን የተዘረገፈው አይኤንኤፍ ያለበት ፎልደር እንጂ የታሸገው የመጫኛ ፋይል አይደለም።

ዊንዶውስ 7ን ከፍላሽ ሲጭኑ የሚመጣ አንድ አሳሳች መልእክትም አለ። መጫኛው የሲዲ ወይም የዲቪዲ ድራይቨር ጠፋ ይላል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲዲ ማንበቢያ ላይኖር ይችላል። መጫኛው ያጣው የተነሳበትን ፍላሽ ነው፦ ባዮሱ አነበበለት፣ ከተረከበ በኋላ ግን የዩኤስቢ 3 ድራይቨር ስለሌለው ፍላሹን መልሶ አያየውም። ዩኤስቢ 2 ቀዳዳ ካለ ፍላሹን ወደዚያ ማዞር ይበቃል፤ ከሌለ ድራይቨሩ ዲስም በተባለው መሣሪያ ቀድሞ ወደ መጫኛው ይገባል። ሲገባም ሁለት ቦታ ነው፦ መጫኛው በሚነሳበት ቡት ዊም እና ዲስኩ ላይ በሚያርፈው ኢንስቶል ዊም። ቡት ዊም ውስጥ ብቻ ከገባ መጫኑ ያልቅና አዲሱ ዊንዶውስ በዩኤስቢ 3 ቀዳዳ የተሰካ ኪቦርድና ማውስ አያይም።

ባለ 64 ቢቱ ዊንዶውስ 7 ተጨማሪ ጠባይ አለው፤ ያልተፈረመ ድራይቨር አይቀበልም። ፊርማዎቹ ከጊዜ በኋላ ሻ2 ወደተባለው ዘዴ ተዛውረዋል፤ የዊንዶውስ 7 ዲስክ ግን ይህን ፊርማ ለድራይቨር አያውቅም። ስለዚህ ትክክለኛ፣ የተፈረመ ድራይቨር «አልተፈረመም» ተብሎ ይመለሳል። መፍትሔው በ2015 የወጣውን ኬቢ3033929 አስቀድሞ ማስገባት ነው።

ማንም ሳይነካው

ለወራት ደህና ሲሠራ የነበረ ኮምፒውተር አንድ ሰኞ ጠዋት በ7ቢ ሲቆም ሰው ቫይረስ ይጠረጥራል። መጀመሪያ ሰዓቱ ይታይ። ባዮሱ ውስጥ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ከሆነ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አልቃለች። በሳምንቱ መጨረሻ ከሶኬት ተነቅሎ የዋለው ማሽን ምርጫዎቹን ረስቶ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ተመልሷል፤ በአይዲኢ የተጫነው ኤክስፒም ድንገት ኤኤችሲአይ ገጠመው። ባትሪውን ለውጦ ሞዱን መመለስ ይበቃል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ኮምፒውተሩን ፎርማት ያደርግና የሂሳብ ክፍሉን የዓመታት ሥራ ያጠፋል። ስለዚህ ሳታ ሞዱ አይዲኢ ይሁን ኤኤችሲአይ በወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ መለጠፍ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

ማሽኑ ራሱ ሲያረጅስ? ለፒችትሪና ለድሮ ሰነዶች ጥሩ መውጫ የሚሆነው ኤክስፒን በአዲስ ኮምፒውተር ላይ እንደ ቨርቹዋልቦክስ ባለ ፕሮግራም ውስጥ ማስኬድ ነው፤ ኢንተርኔቱም ይዘጋበታል። የድራይቨር ጣጣው የሚቀልበት ምክንያት ፕሮግራሙ ለኤክስፒ የሚያሳየው ኮንትሮለር በ1990ዎቹ መጨረሻ የነበረውን የኢንቴል አይዲኢ ቺፕ የሚመስል ስለሆነ ነው። ኤክስፒ ያንን ያውቀዋል። ነገር ግን የአሮጌው ማሽን ዲስክ እንዳለ ተቀድቶ ወደ ቨርቹዋል ማሽን ሲሻገር፣ በኤኤችሲአይ ሲሠራ የነበረ ከሆነ፣ 7ቢ እዚያም ይመጣል። መድኃኒቱም ያው ነው፤ ዲስኩ ከመቀዳቱ በፊት፣ አሮጌው ማሽን ገና እየተነሳ ሳለ፣ የተራው አይዲኢ ድራይቨር ሬጂስትሪው ውስጥ ይመዝገብ። አሮጌው ማሽን መነሳት ካቆመ በኋላ ይህን ማድረግ ይቻላል፣ ግን ከውጭ ሆኖ ሬጂስትሪ መበርበር ይጠይቃል። ስለዚህ የሚያንገራግር ማሽን ያለው ሰው ቅጂውን ማሽኑ ጨርሶ እስኪቆም ሳይጠብቅ ያውጣ።